እጅ መታጠብ የሚጥልበት ፈተና

«ሽማግሌ ለመጦር ደግሞ ትምህርት ያስፈልጋል እንዴ?»

ዲቪ የደረሰው ሰው ቪዛው ከተመታለት ማግስት ጀምሮ አሜሪካ ያለ ወዳጁን ስለ ሲኤንኤ፣ ማለትም በነርሲንግ ሆም (በአረጋውያን መጦሪያ) ስለሚሠራ የነርስ ረዳት ሥራ፣ የሚጠይቀው ይህን ነው። ጥያቄው ከንቀት የመጣ አይደለም። እናቱን ያስታመመ፣ አያቱን አዝሎ ጠበል ያደረሰ ሰው «መንከባከብ መቻልህን በፈተና አሳይ» ሲባል ግራ ቢገባው ይፈረድለታል። ሥራውንም ከሩቅ የሚያውቀው በሽንት ጨርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲኤንኤን ሁለት ሳምንት ገብተው የሚወጡበት ቀላል ነገር አድርጎ ያስበዋል፤ ከዚያ ፈተናው ላይ ይወድቃል። የሚያስለቅሰው ደግሞ የሚወድቅበት ነገር ነው። እጁን ሲታጠብ!

አገር ቤት ዓመታት በነርስነት ያገለገለ ሰው «እጅ መታጠብ፦ አላለፈም» የሚል ውጤት ይዞ ሲወጣ ለቤተሰቡ እንኳ ለመናገር ያፍራል። ውርደቱ ግን ያለ ቦታው ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ንጽሕናን ከማወቅ ሌላ ነገርም አለ፤ ቅደም ተከተሉ ፈታኙ ዓይን ፊት መታየት አለበት። መጀመሪያ እጅና የእጅ አንጓ በውሃ ይርሳሉ፤ ሳሙና ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሃልና አንጓ ይታሻሉ፤ የጣት ጫፎች ጥፍሩ እንዲጸዳ በሌላው እጅ መዳፍ ላይ ይፈተጋሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እጅ ከክርን ዝቅ ብሎ፣ የጣት ጫፍ ወደ ታች መሆን አለበት፤ ቆሻሻው ውሃ ወደ ክንድ እንዳይመለስ ነው። ሲታለቅለቅም እንደዚያው። ማድረቅ የሚጀመረው ከጣት ጫፍ ነው፤ ያደረቃችሁበት ሶፍት ይጣላል፤ ቧንቧው የሚዘጋው በሌላ ንጹሕና ደረቅ ሶፍት ነው። የረጠበ ሶፍት የቧንቧውን ጀርም ወደ እጅ ያሳልፋል። የማጠቢያው ገንዳ ውስጡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነካም።

እኛ ያደግነው ሌላ ሰው ውሃ እያፈሰሰ ሲያስታጥበን፣ መጨረሻ ላይ እጃችንን አራግፈን ነው። ቧንቧ የመዝጋት ጣጣ አልነበረብንም። እዚህ ታጥቦ የጸዳው እጅ ያንኑ በቆሻሻ እጅ የከፈተውን ቧንቧ ተመልሶ ይዘጋል፤ ልፋቱ ሁሉ እዚያ ላይ ያልቃል። ሌላው የሚጥለው ጊዜው ነው። ድንጋጤ ቆጠራ ስለሚያፈጥን፣ 20 ቆጠርሁ ያለ ሰው 11 ሰከንድ ላይ ውሃ ውስጥ ይገባል። እስከ 30 ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ፤ የበለጠ መታሸት ማንንም አይጥልም። ደግሞም ቤታችሁ ስትታጠቡ ሁልጊዜ እንደዚህ ታጠቡ። ለፈተና ቀን ብቻ የተያዘ ነገር በፈተና ቀን ይጠፋል።

ከዚህ ቀጥሎ ሐበሻን የሚጥለው አክብሮቱ ነው። እኛ ትልቅ ሰው በስሙ አንጠራም፤ «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ጋሼ» እንላለን። እዚህ ግን አረጋዊን «ማማ» ወይም «ስዊቲ» ማለት እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። በሚስተር ወይም በሚስ ከነስማቸው ይጠራሉ። በሩ ይንኳኳል፣ ራሳችሁን ታስተዋውቃላችሁ፣ ልትሠሩ ያሰባችሁትን ታስረዳላችሁ፣ መጋረጃው ይጋረዳል፤ ስትጨርሱ አልጋው ዝቅ ይላል፣ የመጥሪያው ደወል እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ብዙዎቻችን ሥራ በዝምታ የሚሠራ ጨዋነት ነው ብለን ስላደግን አፋችንን ይዘን እጃችንን እናፋጥናለን። ፈታኙ ግን በልባችሁ ያለውን ርኅራኄ አያይም፤ ያልተነገረ ማስረዳት እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

አንዲቱን ቃል ደግሞ አገር ቤት ትታችሁ ኑ፤ «በሞቴ» የምትለዋን። ቤታችን አልበላም ያለ ሽማግሌ ይለመናል፣ ይማላል፣ በግድ ይጎርሳል፤ ፍቅር ነው። እዚህ የነርሲንግ ሆም ነዋሪ ምግብም ሆነ ገላ መታጠብ እምቢ የማለት መብት በሕግ አለው፤ በግድ ማጉረስ ጥቃት ነው። እምቢ ካሉ ምክንያቱን ጠይቁ፣ ቆየት ብላችሁ እንደገና አቅርቡ፣ ለነርሷ ንገሩ፣ መዝግቡ። በፈተናው ማብላት ከደረሳችሁ አልጋው ወይም ወንበሩ ከ75 እስከ 90 ዲግሪ ቀና ይበል፤ ከዚህ በታች ምግቡ ወደ ሳንባ የመውረድ አደጋ አለው። ቆማችሁ ሳይሆን ፊት ለፊት በዓይናቸው ልክ ተቀምጣችሁ፣ ትሪው ላይ ያለውን ነግራችሁ፣ ከየትኛው መጀመር እንደሚፈልጉ ጠይቃችሁ ነው። ማንኪያ አይሞላም። በየሁለት ሦስት ጉርሻው መጠጥ ይቀርባል፤ ቀጣዩ የሚሰጠው የፊተኛው መዋጡ ከታየ በኋላ ነው። ጠቅለል ያለች፣ አፍ የምትሞላ ጉርሻ የኛ የፍቅር ምልክት ናት፤ ስትሮክ ጉሮሮውን ላደከመው ሰው ግን ትንታ ናት።

የተግባሩ ፈተና ክሬደንሺያ የተባለው ፈታኝ ድርጅት በሚፈትንባቸው ግዛቶች አምስት ሥራ ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ እጅ መታጠብ፣ አራቱ በዕጣ የሚደርሱ። አምስቱንም ማለፍ ግዴታ ነው። መመሪያው ላይ ደመቅ ብለው የተጻፉ መስመሮች አሉ፤ ከእነሱ አንዱን የሳተ ሌላውን ሁሉ ቢሠራም ያ ሥራ ይወድቅበታል። ስለዚህ ጥናታችሁን ከደመቁት መስመሮች ጀምሩ። ልብስ ማልበስን እንዲህ ያዙት፦ ደካማው እጅ ሲለብስ ቀዳሚ፣ ሲያወልቅ ኋለኛ። የተሽመደመደውን ክንድ መጀመሪያ እጅጌ ውስጥ ካላስገባችሁ በኋላ መጠምዘዝ ይመጣል፤ ትከሻ የሚጎዳው ያኔ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ስታጥቡ ገንዳው ውስጥ ፎጣ አንጥፉ ወይም ውሃ አጠራቅሙ፤ ከእጅ ቢያመልጥ ባዶ ገንዳ ላይ ወድቆ ይሰበራል። ዓይን የሚታጠበው ያለ ሳሙና፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን በሌላ የጨርቁ ክፍል ነው። የሴት ሀፍረተ ሥጋ ከፊት ወደ ኋላ፣ በእያንዳንዱ ጥረጋ ንጹሕ የጨርቅ ክፍል እየተቀየረ ነው፤ አቅጣጫው ከተገለበጠ የሰገራ ባክቴሪያ ወደ ሽንት ቧንቧ ይገባል። ይህ ሥራ በአሻንጉሊት ላይ ቢሆንም ከሐበሻ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ፊት ሲዞር እጅ ይሳሳታል።

ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዘዋወር የሚበላሸው ሰውየው ከመነሳቱ በፊት ነው። የዊልቸሩ ጎማ ይቆለፍ፣ የማያንሸራትት ጫማ ይደረግ፣ ሁለቱም እግሮች ወለሉን ይንኩ፣ ሰውየውን ለመያዝ የሚታሰረው የወገብ ቀበቶ ጣት በሚያስገባ ልክ ይጥበቅ፣ ከዚያ ተነጋግራችሁ በሦስት ቆጠራ አንድ ላይ መነሳት ነው። ብብት ሥር ገብቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ የእናንተም ወገብ በዚያ ነው የሚያልቀው።

ልክ መለካት ከደረሳችሁ ፈታኙ ካገኘው ጋር ይነጻጸራል፦ የልብ ምት በ4፣ ትንፋሽ በ2፣ የደም ግፊት በ8 ልዩነት ውስጥ መሆን አለበት። ሽንት እስከ 25 ሚሊ ሊትር ይፈቀዳል፤ መለኪያው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተቀምጦ በዓይን ልክ ይነበባል። በእጅ አንስቶ ወደ ብርሃን ማየት ልክ ያሳስታል። ምት ስትቆጥሩ አውራ ጣት አትጠቀሙ፤ የራሳችሁን ምት ትቆጥራላችሁ።

ስሕተት ከሠራችሁ ፊታችሁ አይገርጣ። ያንን ሥራ ከመጨረሳችሁ በፊት «ላርም» ብላችሁ ተናግራችሁ እንደገና ማድረግ ይፈቀዳል። መናገር ብቻ ግን አይበቃም። ቅደም ተከተሉ ራሱ በሚፈተንበት ቦታ ደግሞ ያረማችሁት ነገር መቼ መሠራት እንደነበረበት ካልተናገራችሁ እርማቱ አይቆጠርላችሁም።

የጽሑፉ ፈተና በክሬደንሺያ 70 ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት ነው፤ የሚታረመው 60ው ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብደው ጥያቄው በጆሮ የሚነበብለትን ፈተና መምረጥ ይችላል፤ ሲመዘገብ ካልጠየቀ ግን በዕለቱ አይሰጠውም። ለኛ ሰው የሚከብደው ሐሳቡ ሳይሆን ቃሉ ነው። «ሱፓይን» በጀርባ መተኛት፣ «ፕሮን» በሆድ መተኛት፣ «ቮይድ» መሽናት፣ «አምቡሌት» መራመድ፣ «ኢደማ» እብጠት፣ «ኢንኮንቲነንስ» ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ማቃት ነው። እነዚህን ካላወቃችሁ የምታውቁት ነገር ራሱ ያመልጣችኋል።

«እገሌ በሁለት ሳምንት ጨረሰ» የሚለውን ወሬ ግዛቱን ሳትጠይቁ አትመኑ። በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዝቅተኛውን 75 ሰዓት አድርጎታል፤ ከዚህ ቢያንስ 16ቱ በተቆጣጣሪ ሥር የሚሠራ ተግባር ነው፤ ነዋሪን ከመንካት በፊትም 16 ሰዓት ትምህርት ግድ ነው። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ግዛት ያሻውን ይጨምራል። ሚኒሶታ 75፣ ጆርጂያ 85፣ ቴክሳስ 100፣ ካሊፎርኒያ 160፣ ሜይን 180 ሰዓት ነው። ተግባሩ በሕግ የታዘዘ ስለሆነ ከቤት ሳትወጡ በኮምፒውተር ብቻ እናስተምራለን የሚል ሁሉ ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ የግዛቱን የተፈቀዱ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር እዩ።

ከመክፈላችሁም በፊት ይህን እወቁ። የቀጠራችሁ ወይም ልቅጠር ያለ ነርሲንግ ሆም የሥልጠናውንና የፈተናውን ወጪ ከእናንተ ማስከፈል አይችልም፤ እየተማራችሁም እስከ አራት ወር ድረስ ሊያሠራችሁ ይችላል። በራሳችሁ ከፍላችሁ ተምራችሁ ከጨረሳችሁ በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከቀጠራችሁ ወጪያችሁ በሥራችሁ ጊዜ ልክ እንዲመለስ ሕጉ ያዝዛል። ደረሰኝ የጣለ ሰው ይህን አያገኝም፤ የኛ ሰው ደግሞ ደረሰኝ ይጥላል።

ሁለት ነገር ሐበሻን ብቻ ለይቶ ያጉላላል። አንዱ ስማችን ነው። የአባትና የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ መካከለኛ፣ ሌላው ላይ የመጨረሻ ሆኖ ይገኛል፤ የተመዘገባችሁበት ስምና መታወቂያው በፊደል ካልተመሳሰሉ ከበር ትመለሳላችሁ፣ የከፈላችሁትም ይቀልጣል። ሁለተኛው የቲቢ ምርመራ ነው። በልጅነታችን የተከተብነው ቢሲጂ የቆዳ ምርመራውን ሊያሳብጠው ይችላል። ክንዳቸው ሲያብጥ በሽታ ተገኘብኝ ብለው ትምህርቱን የሚተዉ አሉ። ከመወጋታችሁ በፊት ቢሲጂ መከተባችሁን ተናገሩ፤ ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ክትባቱ እሱን አያሳስትም። እሱም ፖዘቲቭ ቢል የደረት ራጅ ይነሣል። ሳንባው ንጹሕ ከሆነና የሕመም ምልክት ከሌለ፣ ወደ ሌላ ሰው የማይተላለፍ፣ በመድኃኒት የሚታከም ድብቅ ቲቢ ነው።

ካለፋችሁ ስማችሁ የግዛቱ መዝገብ ላይ ይገባል። በተከታታይ 24 ወር ውስጥ ቢያንስ 8 ሰዓት ተከፍሏችሁ የእንክብካቤ ሥራ ካልሠራችሁ ይወድቃል፤ በወሊድ ወይም አገር ቤት ከርሞ በመምጣት የሚያጡት ብዙ ናቸው። መዝገቡ ሌላም ነገር ይጽፋል፦ ጥቃት፣ ቸልተኝነት፣ የነዋሪን ንብረት መውሰድ። አንዲት አሮጊት በምርቃት 20 ዶላር ኪሳችሁ ቢከቱ፣ እምቢ ማለት ነውር መስሏችሁ አትያዙ። የመርሳት ሕመም ካለባቸው በማግስቱ «ተሰረቅሁ» ይላሉ፤ በገንዘቡ ምክንያት መዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ነርሲንግ ሆም ውስጥ መሥራት ያበቃለታል። አመስግናችሁ መልሱ፣ ወዲያው ለነርሷ ንገሩ።

አገር ቤት ነርስ ለሆናችሁት የመጨረሻ ቃል አለኝ። በአንዳንድ ግዛቶች የነርስነት ትምህርታችሁ ተቆጥሮ ሥልጠናውን ሳትወስዱ በቀጥታ መፈተን ትችላላችሁ፤ ጠይቁ። ሲኤንኤ እንጀራ ይሁናችሁ እንጂ እዚያው አትቅሩ። ወደ ኤንክሌክስ (ወደ አሜሪካ የነርስነት ፈቃድ ፈተና) የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው በማስረጃ ግምገማ ነው። ማስረጃውን የሚገመግመው ሲጂኤፍኤንኤስ (አሁን ትሩሜሪት የሚባለው ድርጅት) ትራንስክሪፕቱን ከእጃችሁ አይቀበልም፤ ከተማራችሁበት ትምህርት ቤት በቀጥታ መላክ አለበት፣ የሙያ ፈቃድ ማረጋገጫውም ከሰጠው መሥሪያ ቤት። ከባሕር ማዶ ሆኖ ይህን ማስላክ ዓመት ይበላል። የሬጅስትራሩን ቢሮ ስልክና እዚያ ተመላልሶ የሚያስፈጽምላችሁን ዘመድ ሳትይዙ አውሮፕላን አትሳፈሩ።