የፔዮቴ አምባር፦ ከዶቃ ለቀማ እስከ ቁልፉ

ፔዮቴ የሚባለው የዶቃ አሠራር አንድ መርፌና አንድ ክር ይበቃዋል፤ መሸመኛ አይፈልግም። ዶቃዎቹ እንደ ግንብ ጡብ እየተፈራረቁ ስለሚቀመጡ ሲያልቅ እጅ ላይ ተኝቶ የሚቀመጥ ልስልስ ያለ ጌጥ ይወጣዋል። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ሳይሆን ገና ሲጀመር፣ ዶቃው ሳይለቀም ነው።

ጥቃቅን ዶቃዎች የመጠን ቁጥራቸው በጨመረ መጠን እያነሱ ይሄዳሉ። ለጀማሪ ቁጥር 11 ይስማማል። በዚህ ቁጥር ጎኑ ድብልብል የሆነ ክብ ዶቃና ሲሊንደር የሚባለው አሉ። ሲሊንደሩ፣ ለምሳሌ የጃፓኑ ሚዩኪ ዴሊካ፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ቀዳዳው ሰፊ፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለመማር ሲሊንደሩን እመርጣለሁ፤ ክፍተት ሳይተው ስለሚገጥም ስህተት ወዲያው ይታያል። ርካሹ ክብ ዶቃም ይሠራል፤ ግን መለቀም አለበት።

ዶቃውን ወፈር ያለ ነጭ ጨርቅ ላይ በትኑት። በጣም ቀጭኑን፣ በጣም ወፍራሙን፣ ቀዳዳው የተደፈነውንና ጠርዙ የተሰነጠቀውን አውጡ። ቀጫጭኖቹ በአንድ በኩል ከተሰበሰቡ አምባሩ ወደዚያው ይጎብጣል፤ የተሰነጠቀው ደግሞ ክር ይቆርጣል። ቀለሙንም ሞክሩ፤ ጥቂት ፍሬ በአልኮል በራሰ ነጭ ጥጥ እሹ። ጥጡ ቀለም ከያዘ ያ ዶቃ ላብ አይችልም፤ ለጆሮ ጌጥ ይቅር።

ወርዱ 10 ዶቃ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አምባር በሲሊንደር 940 ያህል ፍሬ ይገባል። አንድ ግራም 200 ገደማ ፍሬ ስለሚይዝ 5 ግራም ሊበቃ ይችላል፤ ለሚጣለው አስባችሁ 7 ግራም ያዙ። ወርዱ 1.3 ሴንቲ ሜትር ይመጣል።

ክሩ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሠራው ፋየርላይን ቢሆን ጥሩ ነው፤ አይለጠጥም፣ በዶቃ ጠርዝም በቀላሉ አይበላም። ናይለን ከሆነ ሰም ቀቡትና ከመጀመራችሁ በፊት በደንብ ጎትቱት። ሳይጎተት የተሰፋ ናይለን ውሎ አድሮ ይረግብና በዶቃዎቹ መሐል ክር ብቅ ማለት ይጀምራል። የልብስ መስፊያ የጥጥ ክር ቶሎ ስለሚሻክርና ስለሚበጠስ ተዉት። መርፌው የዶቃ መርፌ ቁጥር 10 ይሁን፤ ቀዳዳው ሲጠብ ወደ 12 ሂዱ፣ እሱ ይቀጥናል።

ሁለት ሜትር ያህል ክር ቁረጡ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይተበተባል። ጫፉ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ፣ ቀለሙ የተለየ አንድ ማቆሚያ ዶቃ አስገቡና ክሩን በውስጡ ደግማችሁ አሳልፉ፤ በኋላ ይወጣል። አሁን 10 ዶቃ አስገቡ። እነዚህ 10ሩ ሁለት ረድፍ ናቸው፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። 11ኛውን አንሱ፣ 10ኛውን ዝለሉ፣ መርፌውን ወደ ኋላ መልሳችሁ በ9ኛው አሳልፉ። አንድ አንሱ፣ 8ኛውን ዝለሉ፣ በ7ኛው እለፉ። በዚሁ አኳኋን በ5ኛው፣ በ3ኛውና በ1ኛው። ክሩን ስትጎትቱት ዶቃዎቹ ከፍና ዝቅ ብለው ይቆማሉ። ካልቆሙ በጥፍራችሁ አስተካክሏቸው እንጂ ወደፊት አትቀጥሉ። ለሚቀጥለው ረድፍ አንድ ዶቃ አንስታችሁ ዙሩ፤ ወጣ ብሎ በቆመው በመጨረሻው ዶቃ እለፉ። ከዚህ በኋላ በየረድፉ 5 ዶቃ፣ በየወጣው ዶቃ ውስጥ ማለፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ረድፎች ይጠማዘዛሉ፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ያዟቸው፣ ከአምስተኛው በኋላ ይረጋሉ። ረድፍ ለመቁጠር የሁለቱን ጠርዞች ዶቃ ቆጥራችሁ ደምሩ።

አምባሩ እንደ እንጨት ከደረቀ ክሩን ከመጠን በላይ እያጠበቃችሁ ነው። ጠርዙ ላይ ክር ከታየ ደግሞ ስትዞሩ ላልቷል፤ ከዞራችሁ በኋላ የገባውን ዶቃ ይዛችሁ ወደ ጎን ሳብ አድርጉ። አንድ ወጣ ያለ ዶቃ ከተዘለለ ቀዳዳ ይቀራል፤ እስከዚያ ድረስ መፍታት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። መርፌውን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ አትፍቱ፤ ክሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። መርፌውን አውልቃችሁ ክሩን ሳቡት።

ዶቃ ከበዛ ግን መፍታት አያስፈልግም። ሰፌድ የሚሰፋበት ቀጭን ወስፌ ካላችሁ ጫፉን በትርፉ ዶቃ ቀዳዳ አስገቡና ቀስ አድርጋችሁ ግፉ፤ ዶቃው ወደ ውጭ ይፈነዳል፣ ክሩም ይተርፋል። በፒንሳ ጨፍልቆ መስበር ስብርባሪውን ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ክሩን ይቆርጣል። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ።

ክሩ 15 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው አዲስ ክር አስገቡ። አዲሱን ከሥራችሁ ጥቂት ረድፍ ወደ ኋላ በሰያፍ አሳልፉት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አቅጣጫ ቀይሩ፣ በዶቃዎች መሐል ትንሽ ቋጠሮ ጣሉ። የመጨረሻዎቹን ረድፎች ቀዳዳ ግን በቋጠሮ አትድፈኑ፤ ለመቆለፊያው ያስፈልጋሉ።

ለመቆለፊያ ከታች እግር ያለው 12 ሚሊ ሜትር የልብስ ቁልፍ ይሁን። ማቆሚያውን ዶቃ አውጡና በተረፈው 40 ሴንቲ ሜትር ክር ቁልፉን ከጫፉ መሐል ላይ ስፉት፤ ጥግ ላይ ከተሰፋ ሲለበስ ይጣመማል። ከቁልፉ ሥር ሦስት ዶቃ አስገቡ፣ በቁልፉ ላይ የሚጠለቀው ቀለበት የሚቀመጥበት ቦታ ያገኛል። በሌላው ጫፍ 24 ያህል ዶቃ ደርድራችሁ ቀለበት ሥሩ፤ ከማጥበቃችሁ በፊት በቁልፉ ላይ ሞክሩት። በግድ የሚያልፍ ቀለበት ክሩን ይጨርሰዋል፣ በቀላሉ የሚወጣውም አምባሩን ያስጥላል፤ አንድ ወይም ሁለት ዶቃ መጨመር ወይም መቀነስ ይበቃል። ሲገጥም በቀለበቱ ውስጥ ክሩን ሦስት ጊዜ አዙሩ። አምባሩ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚህ ስለሆነ፣ የቀረውን ክር ወደ አምባሩ መሐል አስገብታችሁ ከሸሸጋችሁ በኋላ ብቻ ቁረጡት።