ባግራም ውስጥ ስንት ሰዓት ነው?

እኛን የአሜሪካ ወታደሮችን ወደ አፍጋኒስታን ሊወስድ ከቴክሳስ የተነሳው የኪራይ አውሮፕላን ነዳጅ ለመቅዳት ሜይን ውስጥ ባንጎር በምትባል ከተማ ሲያርፍ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር። ወርደን በመተላለፊያው ስናልፍ ግራና ቀኝ የቆሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እጃችንን እየጨበጡ ብስኩት ያድሉናል። ብዙዎቹ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው፤ በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ ወደ ጦርነት የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሁሉ በዚህ ዓይነት ሰዓት እየተነሱ ይቀበሉ ነበር። እናቴን የሚያክሉ አንዲት ሴትዮ ስልክ እጄ ላይ አኖሩና «ቤትህ ደውል፤ ክፍያ የለውም» አሉኝ። ደወልኩ። ባለቤቴ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለው ቤታችን ስታለቅስ አምሽታ ገና እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ኖሯል።

«ደረስክ?» አለች በድንጋጤ።

«አይ፣ ገና አሜሪካ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ቀሰቀስከኝ?»

ከአገር የወጣሁት በዚህ ምርቃት ነው።

ላይፕዚግ ላይ ያየሁት ጀርመን አንድ አዳራሽና የፕላስቲክ ወንበር ነው። ከዚያ ኪርጊስታን፣ ቢሽኬክ አጠገብ፣ ማናስ የተባለው መሸጋገሪያ ሰፈር ውስጥ ሦስት ሌሊት አደርን፤ ማደር ከተባለ። አንድ ትልቅ ድንኳን፣ ተደራራቢ አልጋ፣ የማይጠፋ መብራት። የሚመጣና የሚሄድ ስለማይቋረጥ በየሰዓቱ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ የተጓዦችን ስም ይጠራል። የእኔን ስም አስተካክሎ የጠራ አሜሪካዊ አለቃ ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ የሚመስል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ካልሲዬን እየፈለግሁ ከአልጋ እወርዳለሁ። በሦስተኛው ሌሊት በሌላ ሰው ስም ልሳፈር ምንም አልቀረኝም ነበር።

አፍጋኒስታን ውስጥ ያለው የባግራም ጦር ሰፈር የገባነው በሲ-17 የጭነት አውሮፕላን፣ በጨለማ፣ የራስ ቁርና የጥይት መከላከያ ሰደርያ እንደለበስን ነው። ኖቬምበር 2011 መሆኑ ነው በፈረንጆቹ። የኋላው በር ሲከፈት ብርድ፣ የአውሮፕላን ነዳጅና የሚቃጠል ቆሻሻ ሽታ አንድ ላይ ገቡ። መግለጫ የሰጠን ሃምሳ አለቃ ስለ ከፍታው አስጠነቀቀን፤ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ራስ ምታት ይይዛችኋል፣ ትንፋሽ ያጥራችኋል አለ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ጦሳን ቀና ብላ ነው የምታየው። በልቤ ሳቅሁበት። በማግስቱ ራሴን ሊፈልጠው ደረሰ። ሰባት ዓመት ቨርጂኒያ ቆላ ተቀምጬ የደሴን ሳንባ ይዤ የምዞር መስሎኝ ነበር።

ሰፈሩን የሠሩት ሩሲያውያን ናቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከ1950ዎቹ ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ እነሱ አፍጋኒስታን ውስጥ በተዋጉበት ጊዜ ዋና መናኸሪያቸው ነበር። የድሮ መቆጣጠሪያ ማማቸው ያኔም ቆሞ ነበር፤ ፈንጂያቸውም በየዳሩ ተቀብሮ ስለቀረ ከመንገድ ውጪ መርገጥ አይቻልም ነበር። ዋናው መንገድ ዲዝኒ ድራይቭ ይባል ነበር። ስሙን ስሰማ በካርቱኗ አይጥ፣ በሚኪ ማውስ ፊልም ሠሪ መስሎኝ በአሜሪካኖቹ ቀልድ ተናደድኩ። ኋላ ነው ጄሰን ዲዝኒ የተባለ ወታደር በ2002 እዚያው ባግራም በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ መሞቱን የነገሩኝ።

ቤታችን ከጣውላ የተሠራ ለስምንት ሰው የሚሆን ጎጆ ነው። ጎረቤትና ጎረቤትን የሚለየው ቀጭን ጣውላና ጨዋነት ነው፤ የእኔ ጎረቤት ሁለተኛው አልነበረውም። ሲያንኮራፋ አልጋዬ ይሰማል። እሱ ሲያርፍ ተዋጊ ጄቶቹ ይነሳሉ። ለኢንተርኔት በወር 65 ዶላር እከፍል ነበር፤ ልጄ አንድ ቃል ተናግራ አፏ ለሁለተኛው ሲከፈት ምስሉ ይቆማል። በመደብሩ ደግሞ የብረት ሳንቲም አልነበረም፤ ከባድ ስለሆነ ከአሜሪካ አይጫንም ነበር። መልስ የሚሰጡት ክብ ካርቶን ነበር፤ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስት ሳንቲም የሚል የተጻፈበት። እናቴ ሰኞ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት፤ መልስ ብለው ካርቶን ቢሰጧት ምን እንደምትል እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ሰዓቱ ነው። የአፍጋኒስታን ሰዓት ከግሪንዊች በአራት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤ የዚያች ተኩል ነገር ለማንም አይገባም። የምሠራው ግምጃ ቤት ውስጥ ስለሆነ አንዳንዱ ሰነድ በግሪንዊች ሰዓት ይጻፋል። ባለቤቴ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ናት። እናቴ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ሆና፣ በዚያ ላይ ቀኑን ከንጋት ጀምራ ነው የምትቆጥረው።

ይህ ነገር ጣጣ ያመጣብኝ በመጀመሪያ ዕርዳታ ልምምድ ላይ ነው። ሐኪም ያልሆነ ተራ ወታደር የጓደኛውን ነፍስ እንዲያተርፍ የሚሰጠውን የ40 ሰዓት ትምህርት ቴክሳስ ጨርሰን ነበር፤ ባግራም ላይ ክለሳ አደረጉልን። ዋናው ነገር ደም ማቆም ነው። ቱርኒኬት የሚባለውን ማሰሪያ ከቁስሉ በላይ ታስራለህ፣ ዘንጓን ደሙ እስኪቆም ታጠማዝዛለህ፣ ዘንጓን ትቆልፋለህ፣ የታሰረበትን ሰዓት ትጽፋለህ። በአንድ እጅ፣ በጨለማ፣ በገዛ እግርህም ላይ። አሠልጣኟ ጆሮህ ሥር እየጮኸች አሸዋ ትበትንብሃለች።

ፈጠንኩ፤ ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ። በቁስለኛው ግንባር ላይ በወፍራም ብዕር ሰዓቱን ጽፌ እጄን አነሳሁ። አሠልጣኟ ጎንበስ ብላ አነበበች፣ ሰዓቷን አየች፣ እንደገና አነበበች።

«ይህ ሰው እግሩ ከታሰረ ስድስት ሰዓት ሆኖታል?»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ነበር። እኔም 0410 ብዬ ጽፌያለሁ። በእነሱ አቆጣጠር ይህ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአሥር ነው። ስድስት ሰዓት የታሰረን እግር ሐኪም እንደዋዛ አይፈታውም፤ እኔ በብዕር ብቻ የአንድ የካንሳስ ልጅ እግር አስቆርጫለሁ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በወታደር ሰዓት ስነሳና ስተኛ ኖሬ፣ አሸዋ ሲበተንብኝ ደሴ ገባሁ። ልጁ ቀለሙ ሦስት ቀን አልለቅ ብሎት በምግብ ሰልፍ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ግንባሩን ያሳየኝ ነበር።

ስለ ምግብ ካነሳሁ አይቀር። የገባነው በጾመ ነቢያት መባቻ ነው። አዳራሹ ሥጋው፣ ክንፉ፣ ቅዳሜና እሑድ የባሕር ምግቡ ሞልቶ ተርፏል፤ ለጾመኛ ግን ሩዝ፣ ድንችና ቅጠል ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ሩዝ የሚያድለው ሕንዳዊ ሠራተኛ ሳህኔን አይቶ ፊቱ በራ። «ሥጋ አትበላም?» አለኝ። አልበላም አልኩት። «እንቁላልም?» እንቁላልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሳቸው ለሠራተኞቹ ከሚሠሩት ምስር ወጥ በኩባያ ከጀርባ አምጥቶ ያቀብለኝ ጀመር። የእናቴን ባይሆንም ምስር ነው፤ ቃሪያ አለበት፤ ላብ ያወጣል። ስለ ጾም ላስረዳው ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ እሱም የገባው ይመስል ራሱን ይወዘውዛል።

የገና ዕለት ዶሮ ልወስድ ሄድኩ። ሁለት እግር ሳህኔ ላይ ሳስቀምጥ ከሩዙ ወዲያ ሆኖ አየኝ። የተናደደ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልክ ወንድሙን መጠጥ ቤት ያገኘ ሰው ነው የሚመስለው። በማግስቱ ሄጄ «ጾም ነበር፣ አለቀ» ብዬ በእጄም በአፌም አስረዳሁት፤ በመጨረሻ ሳቀ። ምስሩ ግን ቀረ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ኩባያዬን ይዤ ስቀርብ «ስንት ቀን ነው የአሁኑ?» አለኝ። 55 ስለው ዓይኑን አፍጥጦ ኩባያውን ሞላው።

በሁለቱ ጾም መሃል ያለው ጊዜ ግምጃ ቤት ውስጥ ሣጥን መቁጠር ነው።

በፌብሩዋሪ የጅምላ አደጋ ልምምድ ተደረገ። ብዙ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሐኪሞቹና ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ምን እንደሚያደርጉ የሚፈተኑበት ነው፤ ለዚህም ቁስለኛ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። ሥራ ፈት የመሰልነውን መርጠው ጠጠር ላይ አስተኙን፣ ቀይ ፈሳሽ ቀቡን፣ አንገታችን ላይ ካርድ አሰሩልን። ቁስለኞች በአራት ይመደባሉ፦ አሁኑኑ የሚታከም፣ መቆየት የሚችል፣ ቀላል ጉዳት ያለው፣ አራተኛው ደግሞ በእጅ ባለው አቅም የማይድን፣ ሌላው እስኪታከም ወደ ጎን የሚደረግ። ይኼኛው በእንግሊዝኛ ኤክስፔክታንት ይባላል። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ልጃችን በምትወለድበት ጊዜ አሌክሳንድሪያ ሐኪም ቤት ግድግዳው ላይ ከነፍሰ ጡር ሥዕል ጋር ተጽፎ በየሳምንቱ ሳነበው ከርሜያለሁ። ካርዱን ገልብጬ ሳየው የእኔ እሱ ነው።

አንዲት መቶ አለቃ መጥታ ትንፋሼን አዳመጠች፣ ካርዴን አየች፣ «አዝናለሁ» አለችኝ። ከልቧ ይመስል ነበር። ሁለት ልጆች በቃሬዛ አንስተው ከሌሎቹ ራቅ አድርገው ከአንድ የሲሚንቶ ግድግዳ ሥር አስቀመጡኝ። «ዝም በል፣ አንተ ልትሞት ነው» ብሎኝ አንደኛው ሮጠ።

ወዲያ ማዶ ይጮሃሉ። በሬዲዮ ሄሊኮፕተር ይጠራሉ፤ ጥያቄው ዘጠኝ መስመር አለው፣ አምስቱን እንደሰሙ ይነሳሉ። በ2009 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ቁስለኛ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሐኪም ፊት እንዲደርስ ስላዘዙ ሁሉም ሰው ሰዓቱን እያየ ነው የሚሮጠው። እኔን የሚመለከተኝ ነገር አልነበረም። በስተሰሜን ሂንዱኩሽ በረዶውን ለብሶ ቆሟል። ከመጣሁ ጀምሮ ማንም ያልጠራኝ፣ ጄት ያልተነሳበት፣ የጎረቤቴን ማንኮራፋት ያልሰማሁበት ሰዓት ይህ ብቻ ነው። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ጸጥ ብሏል። ቃሬዛዎቹ ተሰብስበዋል፣ ቁስለኞቹ ምሳ ሄደዋል። ረስተውኝ ነበር። አንገቴ ላይ ካርዱን አንጠልጥዬ፣ ሸሚዜ ቀይ በቀይ ሆኖ አዳራሹ ስገባ በር ላይ ያለው ጠባቂ ለመጀመሪያ ጊዜ መታወቂያ ሳይጠይቀኝ አሳለፈኝ። ስለ ልምምዱ ውጤት ማታ በተሰጠው ማብራሪያ ሁሉም ቁስለኛ በወቅቱ ቦታው መድረሱ ተነገረ።

ልምምድ የሌለው ነገር ደግሞ አለ። አንድ ሌሊት ከአልጋ ቀስቅሰው ዲዝኒ ድራይቭ ዳር አሰለፉን። በሺህ የሚቆጠር ሰው ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ሳል እንኳ የለም። አስከሬን የጫነው መኪና በዝግታ ወደ አውሮፕላኑ ሲያልፍ፣ በፊታችን ሲደርስ ሰላምታ እንሰጣለን፣ ሲያልፍ እጃችንን እናወርዳለን። ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የለቅሶ አገር ሰው ነኝ፤ አንዲት ሴት እንኳ ወጥታ «ወይኔ ልጄን» ብትል እያልኩ ጠበቅሁ። ስንበተን ድምፁ የጫማችን ብቻ ነበር።

አርብ አርብ ይቆም በነበረው ገበያ ተዘርፌያለሁ። የባዳኽሻን ሰማያዊ ድንጋይ ሐብል 80 ዶላር የተባልኩትን ሃያ ደቂቃ ተከራክሬ በ45 ወሰድኩና እየፎከርኩ ተመለስኩ። ያ የሚያንኮራፋው ጎረቤቴ ያንኑ በ15 ገዝቶ አልጋው ላይ አስቀምጦታል። የሰኞ ገበያ ልጅ መሆኔን ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴም ዋጋውን ዋሸሁ፤ ሐብሉ አሁን እሷ ዘንድ ነው።

ማርች ላይ አንዲት የአየር ኃይል ባልደረባ የሆነች፣ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣች እህታችን ትንሽ ጀበና ይዛ መምጣቷን ሰማሁ። ጎጆዎቹ ጣውላ ስለሆኑ ምድጃ መለኮስ ክልክል ነው፤ እሷ ሥራ ቦታዋ ያለውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ታስፈቅዳለች። ቡናው ከቤት ተቆልቶና ተወቅጦ የመጣ ነው፤ ስኒው ወረቀት ነው። ውጪ ሣጥን ላይ ተቀምጠን ነበር።

«ወንድሜ፣ እዚህ ከመጣህ ቀጥ ብለህ ተቀምጠህ ቡና ጠጥተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አቦሉን ጠጣን። ቶናውን ስትቀዳ ድምፅ ማጉያው «ኢንካሚንግ፣ ኢንካሚንግ፣ ኢንካሚንግ» አለ፤ የተተኮሰ ነገር እየመጣ ነው ማለት ነው። ልምምዱ መሬት ላይ መተኛት ነው፤ ፍንጣሪው ሽቅብ ስለሚበተን የቆመ ሰው ነው የሚመታው። ተኛን። ሩቅ ቦታ አንድ ነገር ዱም አለ። ጥቂት ቆይተን ጎንበስ ብለን ወደ ሲሚንቶው ምሽግ ሮጥን። ውስጡ ከገባን በኋላ ነው ያየሁት፤ ጀበናውን በሰደርያዋ ሥር አቅፋ ይዛዋለች።

አደጋው አልፏል የሚለው መልእክት እስኪነገር ከአርባ ደቂቃ በላይ ቆየን። አሥራ አንድ ሰው ነበርን፤ በረካው በሦስት ወረቀት ስኒ ለሁሉም ዞረ። የካንሳሱ ልጅም ነበር፤ አንዴ ቀምሶ «ይህ መድኃኒት ነው?» አለ። አንድ ሃምሳ አለቃ ባትሪና ወረቀት ይዞ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ሰው ይቆጥራል። ፍንዳታውን በስንት ሰዓት እንደሰማን ጠየቀ። ሰዓቴን አይቼ ስለነበር ቀድሜ መለስኩ፦

«ሁለት ከአርባ።»

ቀና ብሎ አየኝ። እህታችን በክርኗ ጎነጠችኝና በአማርኛ «ሃያ ከአርባ በለው» አለችኝ። አልኩት። ጻፈው። ከዚያ ስኒ ዘረጋችለት።