የቡቺን ጸጉር ማበጠር፦ የስምንት ወር የልምድ ማስታወሻ

ውሻችንን ቡቺን በየቀኑ እቦርሻት ስለነበር ባለፈው ሐምሌ ከጆሮዋ ጀርባ ሽምብራ የሚያህል ቋጠሮ እጄ ላይ ሲመጣ በጣም ደነገጥኩ። ጸጉሩን ከፍዬ ሳየው ከላይ የሚያብረቀርቀው ሁሉ ከቆዳዋ አጠገብ እንደ ባና ተጠቅጥቋል፤ ለካ ብሩሹ ለወራት ያለፈው ከላይ ከላዩ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ አሥር ወር ገደማ ስለነበረች የቡችላነት ጸጉሯ በአዋቂ ጸጉር እየተተካ ነበር፤ የረገፈው ለስላሳ ጸጉር መውጫ ሲያጣ ከረጅሙ ጋር ይጠላለፋል፣ የአንገት ማሰሪያውም እያሻሸ ያጠብቀዋል።

ይላላል ብዬ አጠብኳት። ሲደርቅ ቋጠሮው ይበልጥ ጠጥሮ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ሳላበጥር ውኃ አላስነካትም። መቀስ ላነሳ ስል የእንስሳት ሐኪሟ ከለከሉኝ፤ ቆዳው ወደ ቋጠሮው ውስጥ ተስቦ ስለሚገባ ጸጉር የቆረጡ እየመሰላቸው ቆዳ የሚቆርጡ ብዙዎች ናቸው። እሳቸው በቶንዶስ ሲያነሱት ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶና ረጥቦ ነበር። ያን ያህል ሲያማት ዝም ማለቷ እስካሁን ያሳዝነኛል።

አሁን በጎኗ አስተኝቼ፣ ከሆዷ ጀምሬ ወደ ጀርባዋ፣ ጸጉሩን በግራ እጄ እየከፈልኩ በስስ በስሱ እቦርሻለሁ፤ ከዚያም የብረት ማበጠሪያው ከቆዳዋ ተነስቶ እስከ ጫፍ ሳይያዝ ካላለፈ ያን ቦታ እንደጨረስኩ አልቆጥረውም። ትንሽ ቋጠሮ ሲገጥመኝ እንዳያማት ሥሩን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ እይዝና ከጫፉ ጀምሬ ጥቂት በጥቂት እፈታዋለሁ። ብብቷን፣ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውንና የጭኗን ውስጥ በየሁለት ቀኑ ሳላይ አላልፍም።

ድመታችን ውሮ ግን ሌላ ትምህርት ሰጠችኝ። በ13 ዓመቷ ወገቧ ላይ ጸጉሯ ይድበለበል ጀመር። ራሷን በደንብ ትልስ የነበረች ድመት እንዲህ ስትሆን ነገሩ የማበጠር ጉዳይ ብቻ ላይሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ መገጣጠሚያዋን ስለሚያማት ወደ ኋላ ዞራ መላስ አቅቷት ኖሯል። የድመት ቆዳ ከውሻ ይበልጥ ስስ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከሦስት ደቂቃ በላይ አላበጥራትም፣ ጅራቷን መወርወር ስትጀምርም ወዲያው አቆማለሁ።

በዚህ ሳምንት ማበጠሪያው በቡቺ ገላ ሁሉ አለፈ፤ የያዘው የደረት ማሰሪያዋ የሚነካው የቀኝ ብብቷ ላይ ብቻ ነው። ቤት ስንገባ ማሰሪያውን ማውለቅ ጀምሬያለሁ።