የእንጀራ ንግድ ሥልጠና ከጣሳው ይጀመር

ለምግብ ነጋዴ ሴቶች የሚሰጥ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ በ«ራዕይ» ተጀምሮ በሰርተፍኬት ይዘጋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለሱቅና ለምግብ ቤት የምታስረክብ ሴት ግን ከሁሉ በፊት አንዲት ቁጥር ማወቅ አለባት፤ አንዱ እንጀራ ስንት ብር ይፈጅባታል?

በአንድ ቡሆ እናስላው። የጤፍ ዋጋ ስለሚዋዥቅ ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ውሰዷቸው። 20 ኪሎ ዱቄት በ130 ሂሳብ 2,600 ብር ነው። 120 እንጀራ ቢወጣውና አንዱ በ30 ብር ቢሸጥ 3,600 ብር ይገባል። «1,000 ብር አተረፍኩ» ትላለች ጋጋሪዋ። አሁን ወረቀት ይምጣ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ማሞቂያውን ጨምሮ 7 ሰዓት ተኩል ሲጣድ 26 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ 80 ብር እንያዝለት። ውሃ፣ ጎመን ዘርና ፌስታል 100። ማድረሻ ባጃጅ 150። የቤት ኪራይ ድርሻ 100። በ5,000 ብር የተገዛ ምጣድ በዓመት 250 ቀን እየተጋገረበት ሁለት ዓመት ቢያገለግል ለቀኑ 10 ብር። የራሷ ጉልበት 300። ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ «ለራሴ ልከፍል ነው እንዴ?» ይባላል። ታማ ብትተኛ ሰው ቀጥራ መክፈሏ አይቀርም፣ ስለዚህ ይጻፍ። ድምሩ 3,340 ብር መጣ። ከ120ው ስድስቱ ቢቀደዱ ወይም ሳይሸጡ ቢመለሱ ደግሞ እጇ የሚገባው 3,420 ብቻ ነው። ያ 1,000 ብር 80 ብር ሆኖ ቁጭ አለ።

ቀጥሎ ሊጥ የሚቀዳበት ጣሳ ይታይ። ከላይ ያለው 20 ኪሎ ዱቄት ከነውሃው 60 ኪሎ ሊጥ ቢወጣው ለአንድ እንጀራ 500 ግራም ይደርሰዋል። ከሰዓት በኋላ እጅ ሲደክም ጣሳው ትንሽ ሞላ ሞላ ይላል። 500 ግራሙ 555 ከሆነ 120ው እንጀራ 108 ይሆናል። 12 እንጀራ፣ ማለትም 360 ብር፣ ደንበኛ እንኳ ሳያስተውለው ምጣድ ላይ ቀረ። ጣሳውን አንድ ጊዜ በሚዛን ለክቶ 500 ግራም የሚደርስበት ላይ በሚስማር መጫር ነው፤ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

ሂሳብ መዝግቦ ማስቀመጥ ብቻውን ግን ብዙ አይፈይድም። ቶጎ ውስጥ በ1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የተለመደውን የንግድ ሥልጠና በራስ ተነሳሽነት ላይ ካተኮረ ሥልጠና ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሁለተኛውን የወሰዱት ትርፋቸው 30 በመቶ ሲያድግ፣ በተለመደው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ሠልጣኟ ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ በሚቀጥለው ሳምንት የምትቀይረውን አንድ ነገር ወስና ትውጣ፦ የጣሳው ጭረት፣ የማድረሻ ዋጋ፣ ወይም ሁልጊዜ እንጀራ የሚመልሰው ሱቅ።

መብራት ሌላው ጣጣ ነው። ሁለት ሦስት ቀን የተቦካ ሊጥ አንድ ቀን ቢጨመርበት ከመኮምጠጥ በቀር የከፋ ነገር አያገኘውም፤ አብሲት፣ ማለትም ተቀንሶ በእሳት የበሰለው ሊጥ፣ ገብቶበት ኩፍ ካለ በኋላ ግን ጊዜ አይሰጥም። ተነስቶ ይወርድና እንጀራው ዓይን አልባ ይሆናል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር አብሲቱን ቀድሞ ከመጣል ይልቅ ምጣዱ መብራት ሲያገኝ መጣል፣ ኩፍ እስኪል ምጣዱን በጎመን ዘር ማሰስ ይሻላል። አብሲቱ ለብ ሳይል በትኩሱ ከተጨመረም እርሾው ይሞታል፤ ያኔ «ጤፉ ነው» ተብሎ ባለወፍጮው ይታማል።

የሻገተ እንጀራ ተመለሰ ማለት ብዙ ጊዜ በሙቀቱ ተደራርቦ ፌስታል ገብቷል ማለት ነው። እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይወርድበታል። ሰፌድ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ።

ሥልጠናዎቹ የሚያልፉት ትልቁ ጉዳይ ዱቤ ነው። ምግብ ቤት በቀን 60 እንጀራ ወስዶ በየ15 ቀኑ ቢከፍል፣ እሑድን ትተን በ13 ቀን 23,400 ብር ውጭ ይቀመጣል፤ ዘጠኝ ቡሆ የሚሆን የዱቄት ገንዘብ ማለት ነው። ይህን ሳታሰላ «ትልቅ ደንበኛ አገኘሁ» ብላ የጀመረች ሴት ዱቄቱን በእቁብ ብር ወይም በብድር ትገዛለች፣ እየሸጠችም ትከስራለች። እምቢ ማለት ከባድ ከሆነ ክፍያው በየሦስት ቀኑ ይሁን፤ በቀን ከ60 ይልቅ በ20 ይጀመር፤ የዕለቱ ቁጥር በሁለት ደብተር ላይ ተጽፎ ተረካቢው ይፈርም። ያለፈው ሦስት ቀን ካልተከፈለ የአራተኛው ቀን እንጀራ ለሱቆቹ ይዞራል። ይህንንም የመጀመሪያው እንጀራ ከመውጣቱ በፊት ለባለ ምግብ ቤቱ መንገር ነው፤ በኋላ ከተነገረ ጠብ ይመስላል።