የራጅ ፊልም የዓይን መከላከያ አይደለም

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ቡና እየጠጣን ወሬው የሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ላይ ወደቀ። አንዲት የጎረቤት እናት «በራጅ ፊልም አየሁት፤ ምንም አላመመኝም» አሉ። ክው አልኩ። እማማ፣ ሬቲና፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ እኮ ሕመም አይሰማውም፤ ሲቃጠል አያስታውቅም! ራጅም ሆነ ተራ የፀሐይ መነጽር አያድንም፤ አይ ኤስ ኦ 12312-2 የተባለውን ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃ ያሟላ የግርዶሽ መነጽር ያስፈልጋል።

መነጽር ለሌለው ካርቶን በመርፌ በስቼ አሳየኋቸው። ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን፣ በቀዳዳው ሳናይ፣ አንድ ሜትር ያህል ርቆ በተያዘ ነጭ ወረቀት ላይ ሽምብራ የምታህል ፀሐይ አረፈች። በግርዶሽ ቀን ጎኗ ተገምሶ ይታያል። እማማ ካርቶኑን ተቀብለው ለልጅ ልጆቻቸው ያሳዩ ጀመር፤ ደስ አለኝ።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ጎጃም ላይ ከፊል ግርዶሽ ይታያል፤ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ። እባካችሁ ለልጆቻችሁ ከወዲሁ ንገሯቸው።