ጋሽ ዲሌይ

መነሳቴ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ሰው ኳስ ሲያይ ይነሳል። መጮኼም አይደለም። እንቅልፍ የሚከለክለኝ ሻዩ ነው። «ለቤቱ በሙሉ ሻይ በኔ!» ማለቴ። እሱን ሳስበው እስካሁን ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ እስባለሁ።

መስከረም 12 ቀን 2017፣ እሁድ ማታ። ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ነኝ። ማንቸስተር ሲቲ ከአርሰናል፣ ሲቲ ሜዳ ኢትሃድ ላይ። የአርሰናል ደጋፊ ይህችን ቀን አይረሳትም፤ ሊረሳ ቢሞክርም የሚያስታውሰው አያጣም። የሲቲው ሀላንድ ቀድሞ አገባ። ካላፊዮሪ ያቺን የምታምር ጎል አገባና አቻ ሆንን፣ ገብርኤል በጭንቅላት 2 ለ 1 አደረገን። ከዚያ ትሮሳርድ ኳስ አርቀህ መታህ ተብሎ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ። በዚህ ጉዳይ ብዙ የምለው አለኝ፣ ግን ደም ግፊት አለብኝ። ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ በ10 ሰው ጎላችን ላይ ተኮልኩለን ኳሷን የያዝነው 12.5 በመቶ ብቻ ነበር። እኔም አብሬ ስከላከል ነው ያመሸሁት። ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ልጅ ወንበር ስንት ጊዜ በእግሬ እንደመታሁት እሱ ይናገር።

ልጁ ግን አንዴም ዞር ብሎ አላየኝም። ስልኩ ላይ ነበር።

ቤቱ ሁሉ ስልኩ ላይ ነበር እኮ! ድሮ ዲኤስቲቪ ቤት ስትገባ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ በማልያው ትለያለህ። አሁን አጠገቤ የአርሰናል ማልያ የለበሰ ጎረምሳ ተቀምጦ፣ ሲቲ ባጠቃ ቁጥር «በለው! በለው!» ይላል። ገርሞኝ አየሁት። «ፋዘር፣ ኦቨር 3.5 ነው የቆረጥኩት፣ አንድ ጎል ነው የቀረኝ» አለኝ። ለካ ውርርድ ነው፤ አራት ጎል ከገባ ይበላል። ሦስት ነጥብ አምስት ጎል! ይህን ሁሉ ዘመን ኳስ ሳይ ግማሽ ጎል የሚያገባ ሰው አላጋጠመኝም። ከሱ ቀጥሎ ያለው ኤክስ፣ ማለትም አቻ፣ ይዟል። ወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ የሲቲ ደጋፊ ሆኖ አርሰናል ያሸንፋል ብሎ ቆርጧል፤ «ብንሸነፍ እንኳን ብሩ ይክሰኛል» ይላል። እንግዲህ ጎል ሲገባ ማንን እቀፍ፣ ማንን አጽናና?

የፊተኛውን ልጅ ስልክ ከኋላ ሆኜ አያለሁ። ማጮለቅ አይባልም፣ ዓይኔ ስር ነው ያለው። ሲቲ ሲጠጋ የአቻው ኦድ፣ ያስያዝከውን ብር የሚያባዛልህ ቁጥር፣ ይወርዳል፤ በረኛችን ራያ ኳሷን ሲይዝ ይወጣል። ድንገት ቁጥሮቹ ሁሉ ይጠፉና በቦታቸው ትንሽዬ የተዘጋች የጓጉንቸር ቁልፍ ትመጣለች፤ ውርርዱ ለጊዜው ተዘግቷል ማለት ነው። ቁልፏ ከመጣች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ወይ ጎል ነው፣ ወይ ፔናሊቲ፣ ወይ ቫር፣ የቪዲዮው ዳኛ። ስታዲየም ቁጭ ብሎ የሆነውን ሁሉ በዚያው ሰከንድ የሚልክ ሰው አለ። የኛ ምስል ግን ሰማይ ወጥቶ፣ ሳተላይት ደርሶ፣ ተመልሶ ነው የሚመጣው። ያ ቤት ደግሞ ይባስ ብሎ በሩ ላይ ዲኤስቲቪ ብሎ ለጥፎ ውስጥ በኢንተርኔት ሳጥን ነው የሚያሳየን። ግማሽ ደቂቃ ይዘገያል፣ ዲሌይ ይሉታል። መግቢያው ግን አይዘገይም፣ ወንበር ሳትይዝ ነው የሚቀበሉህ።

ይህን ሁሉ የተማርኩት በኋላ ነው። ያን ማታ ቁልፏን አይቼ «ምስኪን፣ ኔትወርክ ሄደበት» ብዬ አዘንኩለት።

7 ደቂቃ ተጨመረ። ሰዓቱ 97 ሊል ሲል ሲቲ ኮርነር አገኘ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ጭንቀት መሰለኝ። ለካ እነሱ ጋ ጨዋታው አብቅቷል፣ አንዱ የአንዱን ጉልበት ጨብጦ ሳቁን ውጧል። ዘልዬ ተነሳሁ። «አልቋል! ሰባቱ ደቂቃ አልቋል! ንፋ እንጂ!» ዳኛው አልነፋም። አስተናጋጇን ጠርቼ ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።

አንድ ሰው እንኳን «ቆይ እስቲ» አይልም? አላሉም። ኤክስ የያዘው «እግዜር ይስጥልን ፋዘር» አለ። ኦቨር የያዘው «የኔ ማኪያቶ ይሁን» አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ ስማርት ስልክ የላቸውም ብዬ የማምናቸው ሽማግሌ እንኳን ስልካቸውን ወደ ኮት ኪሳቸው እየከተቱ «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። አስተናጋጇ ብቻ ሳታዝንልኝ አልቀረችም። «ጋሼ፣ አሁን ይምጣ ወይስ ሲያልቅ?» አለችኝ። «አሁን!»

ኮርነሩ በአጭሩ ተመታ። ኮቫቺች ሞከረ፣ ኳሷ ሰው ነክታ ስቶንስ እግር ስር ወደቀች። 2 ለ 2። ሀላንድ ኳሷን አንስቶ ገብርኤል ጭንቅላት ላይ ወረወራት። ገብርኤል ምንም አልሆነም። እኔን ነው ያመመኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በኔ ፊት ነው እንጂ በጎሉ አይደለም፣ ጎሉንማ አጣጥመው ጨርሰዋል። የሻዩን ሂሳብ እዚህ አልጽፈውም፣ ሚስቴ ታነባለች።

ያቺ ቁልፍ ግን ከልቤ አልወጣችም። ጥፍር የማታክል ነገር ከማንቸስተር አዲስ አበባ ከሳተላይት ቀድማ ትገባለች። እንዲህ የምታውቅ ከሆነ ኳስ ላይ ብቻ ምን ታደርጋለች? አከራዬ ጠዋት ከወትሮው ለስለስ ብለው «እንደምን አደርክ ልጄ፣ ቤተሰብ ደህና?» ሲሉኝ ግንባራቸው ላይ ብትዘጋልኝ፣ የኪራዩ ጭማሪ ሳይነገረኝ ሹልክ እል ነበር። አለቃዬ «አንዴ ቢሮ ብቅ በል» ሲል ብትመጣ። ሊጡ ምጣድ ላይ ፈሶ መብራት ሊሄድ ሲል ብትመጣ። ሚስቴ «ምንም አልሆንኩም» ስትል፣ እዚያ ላይስ ሁለት ሦስት ቁልፍ ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ለሜትሮሎጂ ብትቀጠር ዣንጥላ በከንቱ ተሸክመን አንውልም ነበር። እሷ ግን ሥራዋ እኔን ማዋረድ ነው።

ደግሞ የት ትሸሻለህ? ሬዲዮ ስትከፍት አቅራቢው ማን ተጎዳ፣ ማን ይሰለፋል ሳይል ኦድ ይደረድርልሃል፣ መጨረሻ ላይ «በኃላፊነት ይጫወቱ» የምትለዋን ባንድ ትንፋሽ ይውጣታል። እንግሊዞቹ ጋ ከ2019 ጀምሮ ድርጅቶቹ ራሳቸው ተስማምተው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት በሚጀምር የቀጥታ ጨዋታ መሀል የውርርድ ማስታወቂያ በቲቪ አያስገቡም። ጎሽ። ግን ማልያውስ? በ2024/25 ከ20ዎቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች 11ዱ ደረታቸው ላይ የአወራራጅ ስም ለጥፈው ነው የሮጡት። ከ2025/26 ሲዝን በኋላ ይነሳል ተብሏል። ከደረት ነው እንግዲህ፤ እጅጌው ላይ መለጠፍ ይቻላል፣ ሜዳው ዙሪያ ያለውም ሰሌዳ መብለጭለጩን ይቀጥላል። አዲስ አበባ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ ጊዜ እኔም ተገላገልን ብዬ ነበር። ቤቶቹ ኪስ ውስጥ ገብተው አረፉት።

ሰፈር ውስጥ ስሜ ጋሽ ዲሌይ ሆኗል። መብራት ሲጠፋ ልጆቹ በመስኮት «ጋሽ ዲሌይ፣ አንተ ቤት ገና አልጠፋም አይደል?» ይሉኛል።

ማኪያቶ ያዘዘውን ልጅ በማግስቱ ታክሲ ተራ አገኘሁት። ፊቱ ጠቁሯል። ኦቨሩ ገብቶለት፣ ትኬቱ ላይ የቀረው የአትሌቲኮ ጨዋታ ብቻ ነበር። አትሌቲኮ ከራዮ አቻ ወጥቶ አቃጠለበት። እውነቱን ልናገር፣ ቀኔ ፈካ። ልጁ ግን ሳያፍር «ፋዘር፣ ለዛሬ ትኬት 50 ብር ጎደለኝ» አለኝ።

ሰጠሁት። ግማሽ ደቂቃ አስጠብቄ።