አዲስ አበባ የት ልረፍ? እናቴን ለሕክምና ይዤ ስመጣ ሰፈር የመረጥኩበት መንገድ

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሰፈር የሚመርጠው በዘመድ ነው። ዘመድ ጀሞ ካለ ጀሞ፣ አያት ካለ አያት። ብቻዬን ስመጣ እኔም እንደዚያው ነኝ። እናቴን ለሕክምና ይዤ ስመጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጉልበቷን ያማታል፣ ቀጠሮዋ ጥቁር አንበሳ ነው፣ ወሩም ሐምሌ። ደግሞ አንዴ ሄዶ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ምርመራ፣ ነገ ውጤት፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሐኪም።

ሰፈር ከማማረጤ በፊት የእናቴን ውሎ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት መውጣት። ቀትር ላይ ምሳና ትንሽ ጋደም ማለት። አንዳንዴ ከሰዓት ተመልሶ ላቦራቶሪ። ሲመሽ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ መግባት። ከሥሩ በትልቁ “ደረጃ የለም፣ ዳገት የለም” ብዬ አሰመርኩበት። ከዚያ በኋላ ብዙው ሰፈር በራሱ ጊዜ ወደቀ።

ጓደኞቼ “ቦሌ ያዝ” አሉኝ። ለኤርፖርት ቅርብ ነው፣ ካፌውም ምግብ ቤቱም ሞልቷል። ዋጋው ግን የዲያስፖራ ነው። ጥቁር አንበሳ ለመድረስም ጠዋት ጠዋት ከሥራ ሰዓት መኪና ጋር መስቀል አደባባይ ድረስ መጎተት አለ።

ፒያሳን እኔ እወደዋለሁ። ጣይቱ ሆቴል ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እዚያው አለ። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ አሮጌ ቤት ሲፈርስ፣ የማውቃቸው ርካሽ ፔንሲዮኖችም አብረው ሄዱ። ቢኖሩም ዳገቱ አለ። ቸርችል ጎዳና ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ነው፣ የእናቴ ጉልበት አይችለውም። ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. ስለፈረሰ፣ እዚያ የነበሩኝ ስልክ ቁጥሮች ዋጋ አጡ።

ከሁሉም ከባዷ አክስቴ ነበረች። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም።

“ቤት እያለ ሆቴል? ሰው ምን ይለኛል?” አለችኝ።

ልክ ናት። በእኛ አገር ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ባቡሩ ቅርብ መሆኑንም ደጋግማ ነገረችኝ። እውነት ነው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ በመገናኛ፣ በመስቀል አደባባይ፣ በሜክሲኮና በልደታ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ካርታ ላይ ሲያዩት ከዚህ የተሻለ የለም። ጠዋት ግን ሰው ተጠቅጥቆ ነው የሚሄደው። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ያንን ግፊያ እንዴት ትቻለው? በመጨረሻ እሁድ እሁድ እሷ ጋ እንድንውል፣ በሥራ ቀን ደግሞ ሲመቻት ምሳ ቋጥራ እንድትመጣ ተስማማን። ያስታረቀን የምሳ ዕቃው ነው።

የቀሩት ሜክሲኮ፣ ሰንጋ ተራና ልደታ ናቸው። ሰንጋ ተራ፣ ያ የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንፃ ካለበት፣ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። ልደታ ማርያምም ተክለ ሃይማኖትም ሩቅ አይደሉም።

እዚህ ላይ ደላላ ገባ። ለደላላ ሁሉም ነገር “ሜክሲኮ አጠገብ፣ አምስት ደቂቃ” ነው። አንዱ እንዲህ ያለኝ ቤት ሳር ቤትን አልፎ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስለ ክፍሉ ከመጠየቄ በፊት ምልክት እጠይቃለሁ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን? የትኛው ማደያ? በቴሌግራም ሎኬሽን ላክልኝ። “ስትመጣ አሳይሃለሁ” የሚለውን እተወዋለሁ።

እናቴን ከማምጣቴ በፊት ቀድሜ መጥቼ ቤቶቹን በማታ አየኋቸው። በቀን ሁሉም ሰፈር ጨዋ ነው። አንዱ ገስት ሀውስ ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ “ውሃ ሃያ አራት ሰዓት አለ፣ ጸጥታም ነው” አለችኝ። ስወጣ በር ላይ ያሉትን ጥበቃ ጠየቅኳቸው።

“አባባ፣ ማታ ሙዚቃ አለ?”

“ዓርብና ቅዳሜ ጆሮህን ይዘህ ነው የምትተኛው።”

“ውሃስ?”

መልስ አልሰጡኝም፤ በዱላቸው ወደ ደረጃው ሥር ጠቆሙኝ። ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ ክዳን የሌላቸው አፋቸው በፌስታል ታስሯል። አመስግኜ ወጣሁ። የያዝኩት ጥበቃውና እንግዳ ተቀባይዋ አንድ ቃል የተናገሩበትን ቤት ነው። ጣሪያው ላይ ሮቶ አለው፣ ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ መታጠቢያው ሙቅ ውሃ አለው። ቴሌቪዥኑ አይሠራም፣ ማንም ግድ አልሰጠው።

ኑሮው እንዴት ነበር? ካፊያ ካልሆነ ቀስ እያልን በእግር፣ ሲዘንብ በታክሲ። ምርመራ በተጓተተ ቀን እናቴ ቤት ገብታ ትተኛለች፣ እኔ ወረፋውን እይዛለሁ፣ ሲደርስ እደውልላታለሁ። አያት ብንሆን ኖሮ ይህ አይታሰብም። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ አይጠፋም። ጉድለቱ የቢሮ ሰፈር መሆኑ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጭር ይላል፣ ክፍት ምግብ ቤት ፍለጋ ትዞራለህ።

ይህ ለጥቁር አንበሳ ነው። ለአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ የሚመጣ ሰው ግን ስድስት ኪሎ አካባቢ ቢያድር ይሻለዋል፤ ኤምባሲው እንጦጦ መንገድ ላይ ነው። ብርዱን አስቦ ጋቢ ይያዝ። ለንግድ የሚመጣ ዕቃውን ተሸክሞ ከተማውን ከሚያቋርጥ መርካቶ ዙሪያ ይረፍ።

ብዙ ሰው “ለመመለሻው ዋዜማ ቦሌ እደሩ፣ በረራ ያመልጣችኋል” ይላል። አላደረግነውም። በረራው ማለዳ ነበር፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወጣን። በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው። ከሜክሲኮ ተነስተን እናቴ መቁጠሪያዋን ሳትጨርስ ኤርፖርቱ በር ላይ ነበርን።